ዋስ፣ መያዣ፣ ተያዥ፦ በንብረት የታሰረና ያልታሰረ ብድር በአማርኛ የቃላት ሥርዓት

«ዋስትና ያለው ብድር» የሚለው ሐረግ በአማርኛ ሁለት ተቃራኒ ንባቦችን ይሸከማል። በባንክ ቋንቋ፣ ተበዳሪው ባይከፍል አበዳሪው የሚያሸጠው ቤት፣ ተሽከርካሪ ወይም ሌላ ንብረት ከውሉ ጋር የታሰረበት ብድር ማለት ነው። በዕለታዊው አማርኛ ግን «ዋስትና ያለው» የሚባለው የሚያስተማምን፣ ባለቤቱን ለስጋት የማይዳርግ ነገር ነው፤ ዋስትና ያለው ሥራ፣ ዋስትና ያለው ኑሮ እንደሚባለው። ስለዚህ ሐረጉን በቅጽ ላይ ያነበበ ተበዳሪ «ዋስትናው ለእኔ ነው» ብሎ ቢረዳ የቋንቋውን ደንብ አልሳተም። የሳተው የብድሩን አሠራር ነው። በዚህ ዓይነቱ ብድር ዋስትናው የአበዳሪው ሲሆን ቤቱን የማጣት አደጋ ደግሞ የተበዳሪው ነው።

ችግሩ ከቃሉ አገባብ ይመነጫል። «ዋስትና» ሦስት ተሳታፊዎችን ይጠይቃል፤ የሚሰጠው፣ የሚቀበለውና የሚሰጥለት ጉዳይ። «ያለው» የሚለው ዘርፍ ግን ዋስትናውን ለብድሩ ብቻ ይሰጥና ሰጪውንም ተቀባዩንም ከዓረፍተ ነገሩ ያስወጣል። የሕግ ባለሙያ የጎደለውን ከልምዱ ይሞላዋል፤ ሌላው አንባቢ የሚሞላው ከሚያውቀው አማርኛ ነው፤ ያ አማርኛ ደግሞ «የምግብ ዋስትና» እና «ማኅበራዊ ዋስትና» የሚባሉትን አስለምዶታል። ቀጥሎ የሚቀርበው ማብራሪያ ሁለቱን የብድር ዓይነቶች በኢትዮጵያ ሕግና ልማድ ውስጥ በቆሙበት መልክ፣ በተሰየሙባቸው ቃላት በኩል ይመለከታል። የአጎራባች ቋንቋዎች ማስረጃ የሚጠቀሰው ልዩነቱን በሚያጎላበት ስፍራ ብቻ ነው።

መበደርና መዋስ

አማርኛ ገንዘብንና እህልን ይበደራል፤ መጥረቢያንና መጽሐፍን ግን ይዋሳል። የተዋሰ ሰው ያንኑ ዕቃ ይመልሳል፤ የተበደረ ሰው ግን የወሰደውን ተጠቅሞ ጨርሶ በዓይነቱና በመጠኑ ተመሳሳዩን ይተካል። ይህ የቋንቋው ነባር ልዩነት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሁለት የተለያዩ የውል ዓይነቶች ከሚያስቀምጠው ልዩነት ጋር ሙሉ በሙሉ ይገጥማል። ሱዋሂሊም እንዲሁ ለገንዘብ «ኮፓ»፣ ለዕቃ «አዚማ» የሚሉ ግሦች አሉት፤ አበዳሪነቱንም «ኮፔሻ» ብሎ በአድራጊ አስደራጊ ቅጥያ ከተበዳሪው ግሥ ያወጣዋል። በአማርኛ «አበደረ» እና «ተበደረ» ከአንድ ሥር በ«አ» እና በ«ተ» ተለይተው ይወጣሉ።

የብድር ጥያቄ ከዚህ ልዩነት ይጀምራል። የተዋሰ ሰው ዕቃው በእጁ ስለሆነ አዋሹ የራሱን ንብረት መልሶ መጠየቅ ይችላል። የተበደረ ሰው ግን የገንዘቡ ባለቤት ሆኗል፤ አበዳሪው በእጁ የቀረው አንድ የመጠየቅ መብት ነው። የዚያ መብት ዋጋ በተበዳሪው አቅምና ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ አበዳሪው ሌላ የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል። የሚጨብጠው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ንብረትም ሊሆን ይችላል። አማርኛ ለእነዚህ ለሁለቱ የተለያዩ ሥሮችን መድቧል፤ የዘመኑ የባንክ አማርኛ ያደበላለቀውም ይህንኑ ክፍፍል ነው።

ዋስ፦ የሚጠራ ሰው

«ዋስ» ከግዕዙ «ዋሕስ» ጋር አንድ ነው። ትግርኛ ሐውን እንደያዘ «ዋሕስ» ይላል፤ ረቂቅ ስሙንም «ውሕስነት» ብሎ ያወጣዋል። አማርኛ የጉሮሮ ድምፁን ጥሎ አጭር ቃል አስቀርቷል፤ ከዚያም «-ትና» በሚለው ቅጥያ «ዋስትና»ን አበጅቷል። በዚህ አመጣጥ «ዋስትና» በመጀመሪያ ዋስ መሆን፣ ማለትም አንድ ሰው ለሌላው የሚቆምበት ሁኔታ ነው። ንብረት ዋስ አይሆንም ነበር።

አብረውት የሚሄዱት ግሦችም ይህን ይመሰክራሉ። ዋስ ይጠራል። «ዋስ ጥራ» የተባለ ሰው ስሙን አንሥቶ፣ ሰውዬው ቀርቦ፣ በፊት ለፊት «ዋስ ነኝ» እንዲል ያደርጋል። ዋስ ይሆናል፣ ዋስ ይቆማል። መያዣ ግን አይጠራም፤ አይቆምምም። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ዋስ መጥራት ያልቻለ ባለዕዳ ከባለገንዘቡ ጋር በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝቶ ይሄድ ነበር፤ «ቁራኛ» የሚለው ቃል ከዚያ የተረፈ ነው፤ ዛሬ «የዕዳ ቁራኛ» ሲባል ምሳሌያዊ ይመስላል እንጂ አንድ ጊዜ ቁርጥ ያለ እውነታ ነበር። ዋስ ማለት እንግዲህ በሰንሰለቱ ቦታ የሚገባ ሰው ነበር።

እዚህ ላይ «ዋቢ» የሚለውንም ማስታወስ ይገባል። በአፋን ኦሮሞ «ዋቢ» እስከ ዛሬ ዋስ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ጥንታዊው የዋስነት ትርጉም ደብዝዞ ቃሉ በአብዛኛው የሚታየው በጥናት ጽሑፎች መጨረሻ ነው፤ ደራሲው ለተናገረው ነገር ዋስ የሚጠራባቸው መጻሕፍት ዝርዝር «ዋቢ ጽሑፎች» ይባላል። ከምሁራኑ ብዙዎቹ በየጊዜው ዋስ እየጠሩ መሆናቸውን ሳያስተውሉት አይቀሩም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1920 ጀምሮ ስለ ዋስትና ሲደነግግ ጥብቅ ጥንቃቄዎችን አስቀምጧል። ዋስትና በግምት አይታሰብም፤ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠንም በጽሑፉ ላይ መወሰን ይኖርበታል። ተራ ዋስ የሆነ ሰው ባለገንዘቡ ቀድሞ በዋናው ባለዕዳ ንብረት ላይ እንዲሄድ መጠየቅ ይችላል። ያንን መብት የማያገኘው ከባለዕዳው ጋር በአንድነት ኃላፊነት የገባው ዋስ ነው፤ ባለገንዘቡ ባለዕዳውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ እርሱ ሊመጣ ይችላል። ከፍሎ የጨረሰ ዋስ በባለገንዘቡ መብት ተተክቶ ባለዕዳውን መጠየቁ አይቀርም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ሊጠይቀው የቀረው ያው ከፍሎ ያልጨረሰው ሰው ነው።

በቅጾች ላይ ይህ ልዩነት የሚገለጸው «በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ» በሚል ሐረግ ነው። ሐረጉ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የተገላቢጦሽ ይሰማል። «በአንድነት» ሲባል ሸክሙ እኩል የሚካፈል ይመስላል፤ አንድ ላይ የተሸከመ እኩሉን ይሸከማልና። በሕግ ግን አንድነቱ የዕዳው እንጂ የሸክሙ አይደለም፤ ዕዳው አንድና ያልተከፈለ ስለሆነ ከሁለቱ ከተገኘው ሰው ሙሉው ይጠየቃል። ለወንድሙ ወይም ለሥራ ባልደረባው የፈረመ ሰው ግማሹን ብቻ የገባ መስሎት ሙሉውን ሲጠየቅ የሚደነግጠው ከዚህ የተነሣ ነው። ተመሳሳዩን ሐሳብ «ባለገንዘቡ ከፈለገው ከእኔ ብቻ ሙሉውን ሊጠይቅ ይችላል» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ብቻ ይፈጃል፤ ያልተጻፈበትን ምክንያት ከቋንቋው ውጭ መፈለግ ያሻል።

መያዣ፦ የሚያዝ ነገር

«መያዣ» የመሣሪያ ስም ነው፤ መ- በፊት፣ -ኢያ በኋላ ገብቶ የ«ያዘ»ን ዘ ወደ ዠ ለውጦታል፤ ለ«መቁረጫ» እና ለ«መክፈቻ» በሚያገለግለው ደንብ። የድስት መያዣም፣ በጠላት እጅ የገባ ሰውም፣ ለብድር የተሰጠ ቤትም በዚሁ ቃል ይጠራሉ። ከዚያው ሥር «አስያዘ» ይወጣል፤ ባለንብረቱ ራሱ አበዳሪው እንዲይዝበት ያደርጋል፤ «ቤቱን አስይዞ ተበደረ» በሚለው ውስጥ የ«አስ-» ቅጥያ የተበዳሪውን ፈቃድ በግልጽ ያሳያል። «ተያዥ» ደግሞ ከዚሁ ሥር ቢሆንም ለሰው ነው፤ ሠራተኛ ሲቀጠር «ተያዥ አምጣ» የሚባለው፣ ሰውዬው ቢጠፋ የሚያዘው ሰው እንዲቀርብ ነው። በሥሩ በኩል ተያዥ የመያዣ ወንድም ነው፤ በተግባሩ ግን የዋስ። ሰውን በነገር ረድፍ የሚያስቀምጠው ብቸኛ ቃል እርሱ ነው፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ከ«ዋስ» ይልቅ ዝቅ ያለ ስሜት የሚሰጠው።

ያዘ የሚለው ግሥ ምን ያህል እውነተኛ መያዝን ያመለክታል? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ተንቀሳቃሽ ዕቃ በመያዣ ሲሰጥ በመሠረቱ ዕቃው ከባለዕዳው እጅ ወጥቶ ለባለገንዘቡ ወይም ለሦስተኛ ወገን መተላለፍ ነበረበት። የጆሮ ወርቋን ያስያዘች ሴት ወርቁ ከጆሮዋ ይወርዳል። የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ ግን ሌላ ነው፤ ባለቤቱ በቤቱ ውስጥ መኖሩን ይቀጥላል፤ አበዳሪው የያዘው ወረቀትና በመዝገብ የገባ መብት ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ የዕዳውን ልክ በኢትዮጵያ ገንዘብ ካልወሰነ አይጸናም፤ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተመዘገበም ውጤት የለውም፤ የምዝገባውም ውጤት ለ10 ዓመት የሚቆይ ሲሆን ሊታደስ ይችላል። እንግዲህ በወርቁ ላይ «ያዘ» በቀጥታ ፍቺው ይሠራል፤ በቤቱ ላይ ግን ጥላው ብቻ ቀርቷል። በ2011 ዓ.ም. ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ጥላውን ወደ ተንቀሳቃሹም አስፋፋው፤ ከብት፣ የእርሻ ምርት፣ ማሽንና ተሰብሳቢ ሂሳብ በባለቤታቸው እጅ እንዳሉ፣ መብቱ በመዝገብ ብቻ እየታወቀ ለብድር ሊታሰሩ ቻሉ።

አዋጁ ለቃላት አጥኚ ልዩ ዋጋ አለው። የቀድሞው ሕግ ለንብረት «መያዣ»ን ይጠቀም ነበር፤ አዋጁ «የዋስትና መብት» አለ። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም፤ ማንም ምንም በእጁ በማይዝበት ሥርዓት «መያዣ» ማለት የሚጎረብጥ ሆነ። ግን በዚህ ምርጫ ለብዙ ዘመን የሰው የነበረው «ዋስትና» በሕግ ኃይል ወደ ላምና ወደ ትራክተር ተሻገረ፤ በመጀመሪያው አንቀጽ የተጠቀሰው ድብልቅም ከባንክ ቅጽ አልፎ የሕግ ማኅተም አገኘ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን «ወለድ አገድ» ነው። ገበሬው መሬቱን ለአበዳሪው ይሰጣል፤ አበዳሪው አርሶ ፍሬውን ይበላል፤ ዋናው ገንዘብ ሲመለስ መሬቱ ይመለሳል። ፍሬው የወለዱን ስፍራ ስለሚይዝ ወለዱ «ታግዷል»። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አርቃቂዎች ከአውሮፓ ሕግ የመጣውን ተመሳሳይ ውል ሲያስገቡ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለጋቸውም፤ ከአንቀጽ 3117 ጀምሮ በዚሁ በነባሩ ስም ገባ። አንድ ሐረግ የውሉን አሠራር በሁለት ቃላት የሚያስረዳበት እንዲህ ያለ ስያሜ በዚህ መስክ ሌላ አልተገኘም።

መሬቱ የሚታሰርበት መንገድ ግን ሰፊ አልነበረም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም፤ ባንክም ሊሸጠው የማይችለውን ነገር በመያዣነት አይቀበልም። ከተሜው በመሬቱ ላይ ያለውን ቤት ሲያስይዝ ገበሬው ከንብረት ብድር ውጭ ሆኖ ቆየ፤ ወደ ዋስና ወደ አራጣ አበዳሪ የገፋውም በአብዛኛው ይህ ነው።

ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር

በሁለቱ የብድር ዓይነቶች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት የሚታየው ተበዳሪው ሲያቅተው ነው። አንድ ነጋዴ ቤቱን ለባንክ አስይዞ 500,000 ብር ተበደረ፤ ያለ መያዣ ደግሞ ከአንዱ 200,000፣ ከሌላው 100,000 ብር ወሰደ እንበል። ንግዱ ከሰረ፤ ከቤቱም በቀር ሌላ ሀብት የለውም፤ ቤቱ በ650,000 ብር ተሸጠ። ባንኩ 500,000ውን ከነሙሉው ይወስዳል። የቀረውን 150,000 ሁለቱ እንደ ዕዳቸው መጠን ሲካፈሉት የመጀመሪያው 100,000፣ ሁለተኛው 50,000 ያገኛል፤ እያንዳንዱ የገንዘቡን እኩሌታ አጣ ማለት ነው። ይህ «ቀዳሚነት» የሚባለው መብት ነው፤ ባንኩ በዝቅተኛ ወለድና በረዥም ጊዜ ለማበደር የሚደፍረው፣ ያልያዘው አበዳሪ ደግሞ ወለዱን የሚያንረውና ጊዜውን የሚያሳጥረው በዚሁ ስሌት ነው።

ሁለት የተለመዱ ግምቶች እዚህ ላይ ይወድቃሉ። «ያለ መያዣ የተበደረ ንብረቱ አይነካም» የሚለው አንደኛው ነው። አበዳሪው ፍርድ ቤት ሄዶ ካስፈረደ በፍርድ አፈጻጸም የባለዕዳውን ንብረት ማስከበርና ማሸጥ ይችላል፤ የሚጎድለው መንገዱ ሳይሆን ቅድሚያው ነው። ሁለተኛው «ቤቱን ከወሰዱ ዕዳው አለቀ» የሚለው ነው። ቤቱ ከዕዳው ባነሰ ከተሸጠ ጉድለቱ በባለዕዳው ላይ ይቀራል። «አስያዘ» የሚለው ግሥ ለዚህ ሁለተኛ ስሕተት ጥቂት ያበረክታል፤ ያስያዘ ሰው ዕቃውን በዕዳው ምትክ የሰጠ ይመስላልና።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለገንዘቡ ያለ ፍርድ ቤት ሥርዓት መያዣውን እንዲሸጥ ወይም እንዲወስድ የሚፈቅድ ውል ፈራሽ ነው ይላል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ግን ለባንኮች በር ከፈተ፤ ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በመያዣ የያዘውን ንብረት በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ለባለዕዳው ይህ ከማንኛውም ሌላ ድንጋጌ ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ነው፤ በመያዣው ቃል ውስጥ ግን ምንም ምልክት የለውም።

ያልታሰረው ብድር ስም

«ያለ ዋስትና ብድር» የሚለው ስያሜ ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ዋስ የቆመለትን ብድር ይጨምር አይጨምር አይታወቅም። በ1988 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 40 የተቋቋሙት የአነስተኛ ብድር ተቋማት አባላት እርስ በርስ ዋስ እየሆኑ በቡድን የሚበደሩበትን ሥርዓት አስለመዱ። ንብረት አልተያዘም፤ ዋስ ግን ሞልቷል። እቁብም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን አይቀበልም። በአማርኛ ነባር አከፋፈል እነዚህ በዋስ የተደገፉ ናቸው፤ ከውጭ በተተረጎመው አከፋፈል ግን ንብረት ስላልታሰረባቸው ከመያዣ ውጭ ይመደባሉ። ቃሉ ሁለቱን ባለመለየቱ አንድ ሰነድ ስለ አንዱ ሲናገር ሌላው ስለ ሌላው ይረዳዋል።

ሰውም ንብረትም የሌለበት ብድር በስፋት የመጣው በስልክ ነው። በኬንያ ኤም-ሽዋሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጀምር ለ30 ቀን ብድር 7.5 በመቶ ያስከፍል ነበር፤ ክፍያው ወለድ አልተባለም፤ በየወሩ ቢደጋገም በዓመት 90 በመቶ ይሆናል። በኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ አገልግሎቶችን አቀረበ። ሁለተኛው ስም ብልሃት አለው፤ የሌላውን ገንዘብ «እንደ ኪሴ» ማለት «ዕዳ» የሚለውን ቃል ከነክብደቱ ከገጹ ያነሣዋል።

በወለድ ስያሜ በኩል ቋንቋዎቹ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ናቸው። አማርኛ ወለድን ከ«ወለደ» አወጣ፤ አፋን ኦሮሞ ከመውለድ ግሥ «ዻላ» አለ፤ ጥንታዊው ግሪክኛም «ቶኮስ» ሲል ልጅንም ወለድንም ያመለክት ነበር። ሱዋሂሊ «ሪባ»ን፣ ሶማልኛም ለመያዣ «ረሃን»ን ከዐረብኛ ወሰዱ። ግዕዝ ለተከለከለው ጭማሪ «ርዴ» የሚል ቃል ነበረው፤ በአማርኛ ስፍራውን «አራጣ» ያዘ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በውል ሊወሰን የሚችለውን ወለድ በዓመት በ12 በመቶ ገድቧል፤ በጽሑፍ ያልተወሰነ ከሆነ 9 በመቶ ይሆናል፤ የአራጣ ማበደር ወንጀልነት ደግሞ በወንጀል ሕጉ ተደንግጓል። ወለድና አራጣ እንግዲህ በቁጥር የሚለዩ ቃላት ሲሆኑ «የአገልግሎት ክፍያ» ከሁለቱም ውጭ ቆሟል።

ለቅጽ አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች ያለው ምርጫ ቀላል ነው፤ «በንብረት መያዣ የሚሰጥ ብድር»፣ «በሰው ዋስ የሚሰጥ ብድር»፣ «ያለ መያዣና ያለ ዋስ የሚሰጥ ብድር»። ሦስቱም ከሁለቱ ነባር ሥሮች አይወጡም፤ «ዋስትና»ንም ለሰው ይመልሱታል። በአፋን ኦሮሞ ቅጽ ላይ «ዋቢ» ለሰው ብቻ ቢቆይ ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል። «ከመያዣ ነጻ» የሚለው ግን አይመከርም፤ «ነጻ» ያለ ዋጋ የሚለውንም ስለሚያመለክት ከሁሉ ውዱን ብድር ከሁሉ ርካሽ ያስመስለዋል።

የፊርማው ገጽ የራሱ ጉዳይ አለው። በጽሑፍ መሆን ያለበት ውል ተዋዋዮቹን ጨምሮ ሁለት ምስክሮች እንዲፈርሙበት ሕጉ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ተበዳሪ፣ ዋስና ምስክር በአንድ ወረቀት ላይ፣ ብዙ ጊዜ ተከታትለው ይፈርማሉ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትንም ለማስያዝ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ስለሚል አራተኛ ፊርማ ይጨመራል። ምስክሩ ያየውን ይናገራል፤ የትዳር ጓደኛው ይፈቅዳል፤ ዋሱ ይከፍላል። በተለመዱት ቅጾች ላይ ግን ከሦስቱ መስመሮች ፊት የሚገኘው ቃል አንድ ነው፤ «ፊርማ»።